ጣሀና የጅዳው ቫልቭ

ደሴ ውስጥ ቧንቧ የሚገጥም ሰው ብዙ ነው። ቧንቧን «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጣሀ ብቻ ነው። ደንበኛ ከፒያሳ ሱቆች የሰበሰበውን የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ ኤልቦና ኒፕል፣ በፌስታል ይዞ ሲመጣ ጣሀ መጀመሪያ የቤተሰቡን ደህንነት በደንብ ይጠይቃል። ከዚያ ፌስታሉን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። ከደረት ኪሱ የብረት መለኪያውን አውጥቶ የእያንዳንዷን ዕቃ አፍና ወገብ እየለካ በሦስት ክምር ይለያል። የመጀመሪያውን ክምር «ቤተሰብ» ይለዋል፤ ሁለተኛውን «ጎረቤት»። ሦስተኛው ስም የለውም፤ በጫማው ጫፍ ገፋ ያደርገዋል። ደንበኛው ያንን የተገፋ ክምር መልሶ ወደ ሱቅ ይዞ መሄድ አለበት፤ አለዚያ ሌላ ሠራተኛ ይፈልጋል።

«አንድ ፋብሪካ ያልወለዳቸውን አላጋባም» ይላል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲል ኖሯል።

ሚስቱ ሳሊሃ ይህን ጠባዩን ለጎረቤት ስታወራ እጇን አገጯ ላይ ታደርጋለች። ልጃቸውን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ጣሀ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ «እሺ፣ አላህ ያሳምረው» አለ። ለአንዲት የግማሽ ኢንች ኤልቦ ግን ሰባት ቤት ያስቆጥራል። ሳሊሃ እንደምትለው አማቻቸው እንደ ኤልቦ ቢመረመር ኖሮ ልጅቷ እስከ ዛሬ እቤት ነበረች።

ሰውየው ግን ዝም ብሎ ነገረኛ አይደለም። የብረት ቧንቧ ልኩ የሚጠራው በውስጡ ነው፤ የፕላስቲክ ቧንቧ በውጪው። ስለዚህ «ግማሽ» የተባለ ብረትና «ሃያ» የተባለ ፕላስቲክ አንድ ናቸው ተብሎ ይሸጣል፤ እውነታው ግን አንዱ ዕድሜውን ከተወለደበት፣ ሌላው ትምህርት ቤት ከገባበት ቀን የሚቆጥር ሁለት ሰው ማለት ነው። በእሳት ቀልጠው የሚጣበቁት ፕላስቲኮችም ከአንድ ፋብሪካ ካልወጡ አንዱ ቶሎ ይቀልጣል፣ አንዱ ይዘገያል፤ ቶሎ የቀለጠው ወደ ውስጥ ተሰብስቦ የውሃውን ጉሮሮ ይዘጋል። ከላይ ሲታይ ያምራል። ደሴ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ደግሞ ጥፋቱ የሚታወቀው ከስንት ቀን በኋላ ነው፤ ያኔ ግድግዳው ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። ጣሀ እንዲህ ያለ ግድግዳ ብዙ አፍርሷል። ሲያፈርስ ደግሞ ዝም አይልም፤ ከግድግዳው ውስጥ ያገኘውን መገጣጠሚያ ለባለቤቱ ከፍ አድርጎ እያሳየ «ይኸው፣ እነዚህ መቼ ተዋወቁ?» ይላል።

ከሁሉም የሚያስቆጣው ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ያለው ብሩ ነበር። ብሩ ቶርኖው ላይ ብረት እየላገ፣ አንድ ጫፉ ለአንዱ ሌላ ጫፉ ለሌላው የሚሆን መገጣጠሚያ ይሠራል። የማይገጥሙ ቧንቧዎች ያሉት ሰው ወደ እሱ ይወርዳል። ጣሀ አንድ ጊዜ ፒያሳ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ከብሩ ሥራ አንዷን አንስቶ «ይቺ ዲቃላ ናት» ብሎ ነበር። ወሬው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም።

ባለፈው ዓመት ከበጋው አጋማሽ በኋላ ከደጋን ወጣ ብላ ካለች መንደር ሸህ አብዱልባሲጥ መጡ። የሳሊሃ ዘመድ ናቸው፤ ስለዚህ እምቢ የሚባሉ ሰው አይደሉም። መንደሪቱ ከምንጩ ውሃ ጠልፋ እመስጊዱ አጠገብ ቦኖ ልታቆም ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚቀዳበት። ምንጩ ተገንብቷል፣ ታንከሩ ተቀምጧል፣ ቦዩ ተቆፍሯል፣ ቧንቧውም ተሟልቷል አሉ። የቀረው የሚገጥም ሰው ነው። ጣሀ የሰማው «ቧንቧው ተሟልቷል» የሚለውን ነበር፤ ማን እንዳሟላው አልጠየቀም። ኤልቦን ሰባት ቤት የሚያስቆጥር ሰው ይህቺን መዝለሉ ሳሊሃን እስከ ዛሬ ያስቃታል።

በዚያ አገር የጋራ ነገር ሲሠራ ሰው የሚሰጠው የተሳለውን ነው። እስላሙ ነዝር ይለዋል፣ ክርስቲያኑ ስለት፤ ነገሩ አንድ ነው። ለመስጊዱ ቆርቆሮ ሲሆን ክርስቲያኑ ዳምጤ ቆርቆሮ ያመጣል፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ማገር ሲሆን ሸህ አብዱልባሲጥ ባሕር ዛፍ ያስቆርጣሉ። አሁን ለውሃው ቧንቧ ተባለ። ምን ዓይነት ቧንቧ እንደሆነ የተናገረ የለም። ላሟ በደህና የወለደችላት ከቢስቲማ ገበያ አንድ ዘንግ ፕላስቲክ አመጣች። ልጁ ፈተና ያለፈለት ከኮምቦልቻ ብረት ጭኖ መጣ። የታመመው የዳነለት፣ ክሱ የቀረለት፣ ሁሉም በየአቅሙ፣ ሁሉም ከየመንገዱ።

ጣሀ መንደሪቱ ሲደርስ ዋርካው ሥር ተከምሮ ያገኘው ይህ ነበር። ጥቁር ፕላስቲክ፣ ነጭ ፕላስቲክ፣ አረንጓዴ፣ አዲስ ብረት፣ ዝገቱ የተፋቀ አሮጌ ብረት። መለኪያውን አወጣ። መንደርተኛው ዙሪያውን ቆሞ እያየ ግማሽ ቀን ሲለካ ዋለ። «ቤተሰብ» አንዲት እፍኝ ሆነች። «ጎረቤት» ትንሽ ተሻለች። ሦስተኛው ክምር ጉልበቱ ድረስ መጣ። እንደ ልማዱ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው።

«እግርህን አንሳ» አለ ዳምጤ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «የረገጥከው የእኔ ስለት ነው።»

ጣሀ እግሩን አነሳ። ሠላሳ ዓመት ሲገፋ የኖረው እግር የት እንደሚያርፍ ጠፍቶት ትንሽ በአየር ላይ ቆየ ይባላል። ዳምጤ ግን ነገር ስለሚያጋንን ሁሉን ማመን አያስፈልግም።

በዚያ ላይ ሽማግሌዎቹ ቧንቧው በተሰጠበት ቅደም ተከተል ይቀጠል ብለው ወስነው ነበር፤ ማንም ማንንም እንዳይቀድም። የመጀመሪያው የሰጠው ሰው ቀጭን፣ ሁለተኛው ወፍራም፣ ሦስተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ቀጭን። ጣሀ ይህን ለማስረዳት አንድ ከሰዓት ፈጀበት። ጉሮሮው የጠበበ ሰው ሆዱ ቢሰፋ የሚበላው ያው በጉሮሮው ልክ ነው ሲላቸው ሸህ አብዱልባሲጥ ተቀበሉት። ወፍራሙ ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች እንዲሆን ተስማሙ። ማን ይቅደም የሚለውን አላህ በቧንቧው ልክ ወስኖታል ተባለ።

ከዚያ ጣሀ በሕይወቱ ያልሠራውን ሥራ አምስት ቀን ሠራ። ብረትን ከፕላስቲክ፣ ነጭን ከአረንጓዴ፣ ያንዱን ፋብሪካ ካንዱ እያገናኘ ወረደ። ቀልጠው የማይዋደዱትን በሚሾር ጥርስ አያያዛቸው፤ ጥርስ የሌለውን አወጣለት። የዳምጤን ወፍራም ብረት ከብት የሚያልፍበት ላይ ቀበረው፤ ዳምጤም ከሁሉ የከበደው ቦታ ለእኔ ተሰጠ እያለ ያወራ ጀመር። ጣሀ ሲሠራ አፉ አላረፈም፤ ግን መገጣጠሚያዎቹ ያዙ። በሰባተኛው ቀን፣ ማለት ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ውሃው ይለቀቃል ተብሎ ለአካባቢው ሁሉ ተነገረ።

አንድ ዕቃ ብቻ ቀረ። የእማማ ሐዋ ቫልቭ።

የእማማ ሐዋ ልጅ ፊርደውስ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ስድስት ዓመት ኖራለች። ከስድስቱ ዓመት በሁለቱ ድምጿ ጠፍቶ ነበር፤ ስልክ የለ፣ ያያት የለ። ያኔ እናትየው ተሳሉ። ልጄ በእግሯ ትምጣልኝ እንጂ ከእጄ የወጣ ነገር ላይ ለሰው ውሃ ይለፍበት አሉ። ልጅቷ መጣች። ስትመጣ በልብስ የተጠቀለለ፣ እጅ ላይ የሚከብድ የነሐስ ቫልቭ፣ ከላይ ቀይ መዘውር ያለው፣ በሻንጣዋ ውስጥ ነበር፤ ድምጿ ሲገኝ እናቷ የተሳሉትን በስልክ ሰምታ ነው የገዛችው። አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣውን ሦስት ጊዜ በማሽን እንዳሳለፉት ፊርደውስ እየሳቀች ታወራለች። እናቷ አይስቁም።

ቫልቩ አንድ ኢንች ነው። ከታንከሩ የሚወጣው ብረትም አንድ ኢንች ነው። ጣሀ ደስ ብሎት አንስቶ አሾረው፤ ሁለት ዙር እንደ ቅቤ ገባ። ሦስተኛው ላይ ነከሰ። አወጣው፣ ጠረገው፣ ደገመው። ሁለት ዙር፣ ከዚያ ንክስ። ሌላ ኒፕል ሞከረ፤ ያው ነው። ዳምጤ ቃጫ ጠቅልሎ በጉልበት እንዲያስገባው መከረው። ጣሀ እንዲያ ያለ ነገር ሞት ነው አለ፤ ቢገባም የነሐሱን ጥርስ በልቶ ነው የሚገባው፣ ሲውል ሲያድር ያለቅሳል።

ረቡዕ ከሰዓት ላይ ጣሀ የሚያሳፍር ሥራ ሠራ። ከቦኖው ጎን አጭር ብረት ተከለ፤ መጨረሻው የተደፈነ፣ ውሃ የማይደርሰው። ቫልቩን ጫፉ ላይ በሁለቱ ዙር አስቀመጠው፤ ቀዩ መዘውር ወደ መንገዱ ዞረ። ሸህ አብዱልባሲጥ አዩና ያምራል አሉ። ዳምጤም ያምራል አለ። በእውነትም ያምር ነበር።

እማማ ሐዋ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። ቀዩን መዘውር በሁለት እጃቸው ከፈቱት። ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይናቸው ወደ ውስጥ አዩ፤ ከዚያ ጣታቸውን ሰደዱ። ጣታቸውን አውጥተው ለጣሀ አሳዩት።

«ደረቅ ነው» አሉ።

«እማማ፣ ገና ውሃው አልተለቀቀም።»

«ሲለቀቅስ?»

ሸህ አብዱልባሲጥ መሀል ገቡና፣ ነዝር በአቅም ነው፣ ካልሆነም በሌላ ምጽዋት መለወጥ ይቻላል፣ አላህ ልብን ያያል አሉ። በደንብ ነው ያስረዱት። እማማ ሐዋ እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«እኔ ውሃ ይለፍበት ነው ያልኩት» አሉ። «ያጊጥ አላልኩም።»

ቫልቩን ራሳቸው ፈተው በነጠላቸው ጠቅልለው ሊሄዱ ሲሉ ጣሀ ተከትሎ እጁን ዘረጋ። ለምን እንደዘረጋ እሱም አያውቅም። አሮጊቷ አይተውት ቫልቩን ሰጡት።

ማታ ደሴ ሲገባ ሳሊሃ ፊቱን አይታ ነገሩን በየተራ አስወጣችው። ከሰማች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው፤ ኮምቦልቻ መንገዱ ላይ ናት፣ የብሩ ቶርኖ ቤትም አልተዘጋም አለች። ጣሀ ስለ ብሩ ሥራ ሲናገር አምሽቶ ተኛ። በነጋታው ግን ከወትሮው ቀድሞ ወጣ።

በብሩ ደጃፍ ሁለት ጊዜ አለፈ። የመጀመሪያውን ጊዜ ስልክ እያወራ እንደሆነ አስመስሎ ነው፤ በሁለተኛው ያንኑ ሲያደርግ ስልኩ ጠራበት። በሦስተኛው ብሩ ራሱ ብቅ አለ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቱታው የዘይት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ጋሽ ጣሀ፣ ደህና አደሩ? መኪና አምልጦዎት ነው?»

«ሥራ ይዤ ነው።»

«ይግቡ። ምን ልሥራልዎት?»

«ያንን… አንተ የምትሠራውን።»

«እኔ ብዙ ነገር እሠራለሁ።»

ጣሀ ቫልቩን ከሻንጣው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አንድ ጫፉ ለዚህ የሚሆን፣ ሌላ ጫፉ ለእኛው ብረት።»

«ገባኝ» አለ ብሩ። ቫልቩን አገላብጦ አየው። «እንዲህ ያለው ዕቃ ስም ነበረው መሰለኝ። ፒያሳ ላይ የወጣለት። ጠፋብኝ።»

ብሩ አልቸኮለም፤ ጨርቅ አንስቶ እጁን ጣት በጣት ይጠርግ ጀመር።

«ዲቃላ» አለ ጣሀ በመጨረሻ።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለ ብሩ። «ወንበር ይኸውልዎት።»

ብሩ እንደ ወትሮው በዓይኑ ለክቶ ሊጀምር ሲል ግን ጣሀ አላስቻለውም። ሳሙና አስመጣ። የሳሙናውን ጠርዝ በቢላዋ አሹሎ የቫልቩ ጥርስ ውስጥ ጫነው፤ ሲያወጣው የጥርሱ ቅርጽ ሳሙናው ላይ ታትሞ ወጣ። ከጎኑ የራሱን ኒፕል አስጠጋበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥርሶች ልክ ለልክ ናቸው። ሦስተኛው ትንሽ ሸሸት አለ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ተለያይተዋል። የእኛ ብረት በአንድ ኢንች ርዝመት አሥራ አንድ ጥርስ ነው፤ ይኼ አሥራ አንድ ተኩል።

ብሩ ሳሙናውን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄዶ ብዙ አየው። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ከዓረብ አገር ሲመጡለት እየሞከረ፣ እያበላሸ፣ እየደጋገመ ነበር የሚሠራው፤ ለምን እንደሚበላሹ ግን አያውቅም ነበር። ቶርኖው ራስ ላይ በተለጠፈው የጥርስ ቁጥር ሰሌዳ ላይ «11½» የሚል አለ። እስከ ዛሬ ያንን ቁጥር አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም፤ የተሳሳተ ጽሑፍ ይመስለው ነበር። ይህን ለጣሀ መናገር አልነበረበትም፤ ግን ነገረው። ጣሀም የሚመልሰው ብዙ ነገር ነበረው፤ ግን አፉን ያዘ። ሁለቱም ለዕለቱ የሚበቃቸውን ያህል ተዋረዱ።

አንደኛው ጫፍ አልቆ ሁለተኛው ሊጀመር ሲል መብራት ጠፋ። ቶርኖው እየተንቀራፈፈ ቆመ። ዓርብ ነገ ነው። ጣሀ ቆሞ አምፖሉን ያየዋል፤ ብሩ፣ በማየት የመጣ መብራት አይቼ አላውቅም አለው። ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ የደሴ ሰው ሹራቡን አያወልቅም፤ ጣሀ በላብ ተጠመቀ። የሚያወሩት ስላልነበራቸው ስለ ቧንቧ አወሩ። ጣሀ ስለ ፋብሪካ ዘር ሲናገር ብሩ፣ እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ሁሉ የገዛውን ገዝቶ ነው የሚመጣው፣ መልሰህ ውለደው አልለውም አለ። ይህቺን ጣሀ ቤቱ ገብቶ ለሳሊሃ ነገራት፤ ብሩ ነው ያላት ግን አላለም።

መብራቱ ወደ አሥር ሰዓት ግድም መጣ። ብሩ ሁለተኛውን ጫፍ ላገ፤ ለቫልቩ ሌላ አፍም አቻውን ደገመ። ጣሀ መለኪያውን አውጥቶ ለካ፣ ደገመ፣ ከዚያ ቫልቩን አሾረበት። ሁለት ዙር፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ ስድስተኛው ላይ በልኩ ጠበቀ። ብሩ አይቶት ነበር፤ ግን ወደ ቶርኖው ዞሮ ብናኙን ይጠርግ ጀመር። እሱም ቢሆን ጨዋ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መንደሩ ተሰበሰበ። ቫልቩ አሁን ያለው ከታንከሩ አፍ ላይ ነው፤ የመንደሪቱ ውሃ ሁሉ መጀመሪያ በእሱ ነው የሚያልፈው። በሁለቱም አፉ የብሩ ሥራ አለ፤ ከዚያ አልፎ ደግሞ ከታንከሩ የሚመጣው፣ ጣሀ ከ«ቤተሰብ» ክምር የመረጠው፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ብረትና ማያያዣ። ጣሀ የብሩን መገጣጠሚያዎች ጠዋቱን ሙሉ ሲያጠብቅ፣ ሲዳብስ፣ ጆሮውን ሲያስጠጋባቸው ነበር።

መዘውሩን ማን ይክፈት ብሎ የጠየቀ የለም። እማማ ሐዋ በፊርደውስ ትከሻ ተደግፈው ዳገቱን ወጡ፤ ቢስሚላህ ብለው ቀዩን መዘውር በሁለት እጃቸው አዞሩት። ቧንቧው ሳለ፣ ተነፈሰ፣ ከታች ከቦኖው በኩል የሴቶች እልልታ መጣ። ፊርደውስ የእናቷን እጅ አንስታ ቫልቩ ላይ አሳረፈችው፤ ነሐሱ ቀዝቅዟል፣ ውስጡ ይንቀጠቀጣል። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ነገር ለብቻቸው አሉ።

ጣሀ አንዱን የብሩን መገጣጠሚያ በመዳፉ ዳበሰ። ደረቅ። ሌላውን ዳበሰ። ደረቅ። ሊነሳ ሲል እማማ ሐዋ በዱላቸው ጫፍ ወደ ታንከሩ በኩል ጠቆሙት።

«ያቺስ?» አሉ።

ከ«ቤተሰብ» ክምር በመጡት በሁለቱ ብረቶች መሀል አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ወደቀች፤ ሌላዋ ተተካች። ጣሀ ተጠግቶ በጣቱ ነካው። ማያያዣው ላልቶ ነበር። እነዚያን ሁለቱን፣ ዘመዳሞቹን፣ በእጁ ብቻ አሹሮ ነበር የተዋቸው፤ በመፍቻ ሊያጠብቃቸው አላሰበም፤ ምን ይሆናሉ ብሎ።

ዳምጤ ከኋላ ሳቅ ሲል ሸህ አብዱልባሲጥ ክርናቸውን ላኩበት። ጣሀ መፍቻውን አነሳ። ሲያጠብቀው ጠብታዋ ቀጠነች፣ ከዚያ ቆመች። መፍቻው ከብረቱ ላይ ሲላቀቅ የእማማ ሐዋ እጅ ገና መዘውሩ ላይ ነበር፤ ዳግም ቢያንጠባጥብ ሊዘጉት ተዘጋጅተው።

«ልዝጋው?» አሉ።

«አይዝጉት እማማ» አለ ጣሀ። «ይፍሰስ።»